ማሲንቆ ለምን ደመወዝተኛ መምህር አጣ?

አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን ቫዮሊን የሚያስተምር ወላጅ ለመምህሩ በሰዓት ወይም በወር ይከፍላል። ራሱ ከሥራ በኋላ የሚማር ጎልማሳም አለ። ጎረቤት ሲሰማ «ጎሽ!» ይላል። ያው ልጅ «ማሲንቆ ልማር» ቢል ግን በብዙ ቤት የሚጠብቀው መልስ «ደግሞ አዝማሪ ልትሆን ነው?» የሚል ነው።

መሣሪያዎቹ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም በደጋን ይመታሉ። ሁለቱም ጣት የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ምልክት የላቸውም፤ መሪው ጆሮ ነው። ቫዮሊን አራት ክር አለው፣ ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ። በዚያች አንድ ክር ቅኝቱን ሁሉ ማውጣት ቀላል ትምህርት አይደለም።

ትምህርቱ ግን ሁልጊዜም ነበረ። ከአምደወርቅና ከሰቆጣ ደጋ እስከ ጎንደር፣ አዝማሪነት በዘር የሚወረስ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ልጅ አባቱን ወይም አጎቱን ተከትሎ ሰርግ ለሰርግ ይዞራል፤ አመታቱን፣ ግጥም መቀበሉን፣ አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበትን ቋንቋ ሳይቀር ይማራል። ክፍያ የለም፤ ደብተርም የለም።

ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርት ሲመጣ መንግሥት ይህንን መምህር አላየውም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አስመጥተው የነሐስ ሙዚቃ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የውጭው መምህር ደመወዝ ተቆረጠለት፤ አዝማሪው ሽልማት ይዞ ቀረ። ሽልማት የጌታው ፈቃድ ነው፣ ደመወዝ መብት ነው።

ጣሊያን ደግሞ የአዝማሪውን ጉልበት ከእኛ ቀድሞ ተረዳ። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ ተራኪዎችንና ጠንቋዮችን እያስያዘ ሲያስረሽን አዝማሪዎችም ከሰለባዎቹ መካከል ነበሩ። ኖታ በሌለበት ሙያ አንድ አዋቂ ሲገደል አንድ ትምህርት ቤት እንደተቃጠለ ይቆጠራል።

በኋላ በአሸናፊ ከበደ የመጀመሪያ ዳይሬክተርነት የተመራው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፒያኖና ከቫዮሊን ጎን ለማሲንቆ፣ ለክራርና ለበገና ቦታ ሰጠ። ትልቅ እርምጃ ነው። ማሲንቆ በክፍል ውስጥ፣ በመምህርና በፈተና መሰጠት እንደሚችል አሳይቷል። ሆኖም ትምህርት ቤቱ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ የሙያው ባለቤቶች ደግሞ በአብዛኛው ገጠር ናቸው።

እናም አንድ የአምደወርቅ አዝማሪ ልጁ ሌላ ሥራ ቢመርጥ ሊወቀስ አይችልም። ስድብ ያተረፈለትን ሙያ ለምን ያወርሳል? «ባህላችን ጠፋ» ብሎ ከማልቀስ የሚቀድም ሥራ አለ፤ ወረዳው በትምህርት ቤቱ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከፍሎ ያስተምረው። ወላጅም ለቫዮሊኑ መምህር የሚከፍለውን ክብርና ብር ለማሲንቆው አይንፈግ።