ጥር 13

ሰኞ ጠዋት ነበር፤ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.። ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከግሪንዉድ የምድር ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ገና 4 ሰዓት ሳይሞላ መቀመጫ አልቋል። ገሚሱ ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጣ ነው፤ ታክሲውን ውጭ አቁሞ የገባም አለ፤ ለአለቃው "አሞኛል" ብሎ የቀረም አለ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ውስጥ ግን የቡናው ጭስና የሰዉ ትንፋሽ መስኮቱን አልብሶት ጎዳናው አይታይም። ኔልስፕሩት፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ብሔራዊ ቡድናችን ዋሊያዎቹ ከዛምቢያ ጋር ሊጫወቱ ነው። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳለች።

አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ አንድ ወጣት ብድግ አለ።

"ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ።"

"ኖር በእግዜር። ዛሬ በአገር ቤት ቀኑ ስንት ነው ልጄ?"

"ጥር 13።"

"ዋንጫውን የበላንበት ቀን እኮ ነው" አሉና ተቀመጡ።

ልክ ነበሩ። ልክ የዛሬ 51 ዓመት ብሎ የቆጠረ ሌላ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ እኔም አልቆጠርኩም ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ በአብዛኛው የሚኖረው እንዲህ ነው፤ ከመዝገብ ይልቅ በሽማግሌ አፍ ላይ። እኔም ይህን ቅኝት የምጽፈው፣ ያን ጠዋት የሰማሁት ነገር ከኋላው ምን ያህል ዘመን እንደሚጎትት ለማሳየት ነው።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር ወደ አገሪቱ በገባበት ዓመት። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 አካባቢ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የክለቦች ውድድር ሲደረግ ከተፎካካሪዎቹ የአበሻው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻ ነበር። ሌሎቹ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውንም እንግሊዞቹ ወሰዱት። ይህን ቶሮንቶ ተቀምጦ የሚያስብ ሰው ልቡ ይነካል። ያኔ አዲስ አበባ ላይ ባይተዋሮች ናፍቆታቸውን በኳስ ቡድን ይወጡ ነበር፤ ዛሬ እኛ በነሱ ቦታ ቆመናል።

ብሔራዊ ቡድኑ በ1940 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጨዋታውን አድርጎ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን፣ የዛሬዋን ጅቡቲን፣ 5 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ ወደ ካርቱም። የካቲት 1949 ላይ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ሆነው የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሠረቱ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ተጀመረ። የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ግን ጥቁርና ነጭ አንድ ማሊያ ለብሰው አይሰለፉም አለ፤ አገሪቱም ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ተጋጣሚዋን ያጣችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ እዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ካይሮ ላይ በድጋሚ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0። በሁለት የአፍሪካ ዋንጫ አንድ ጎል ያላገባ ቡድን ነበር እንግዲህ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንግዶቹን የተቀበለው።

ስለዚያ ዋንጫ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት ተነስተው ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ የሆኑት። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፤ አሥመራ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ፣ ለድሬዳዋው ኮተን የተጫወተ። ወንድሙ ኢታሎ ከጎኑ አለ። መንግሥቱ ወርቁ አለ፣ ግርማ ተክሌ አለ፣ በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም አለ። በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ 2 ለ 0 መራች፤ ጨዋታው ያለቀው ግን 4 ለ 2 በኢትዮጵያ አሸናፊነት ነው።

ፍጻሜው እሑድ ዋለ፤ የቃና ዘገሊላ ማግሥት። ከተማው ገና ከጥምቀት ጭፈራ አልወጣም። ዳንፎርዝ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ያን ቀን የሚተርኩት በደቂቃ ነው፤ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እያሳረፉ። 35ኛው ላይ ባደዊ ለግብፅ አገባ። ከዚያ ረጅም ጭንቅ። 74ኛው ላይ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገን፤ ስታዲየሙ ገና ጮሆ ሳይጨርስ፣ 75ኛው ላይ ባደዊ እንደገና። "አንዷን ደቂቃ እንኳ አላስደሰቱንም" አሉ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎም ቁጭቱ ፊታቸው ላይ ነበር። 84ኛው ላይ ሉቻኖ። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ፤ 101ኛው ላይ ኢታሎ፣ 117ኛው ላይ መንግሥቱ። 4 ለ 2። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቻኖ አስረከቡ። በአምስት ዓመት ውስጥ 8 ጎል ያገባብንን ቡድን ነው ያሸነፍነው።

በእኔ ግምት የዚያ ቡድን ትልቅነት ዋንጫው ላይ ብቻ አይደለም። ከአሥመራም፣ ከድሬዳዋም፣ ከአዲስ አበባም የመጡ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ የሆነም ጭምር፣ አንድ ማሊያ ለብሰው የተሰለፉበት ነበር፤ ደቡብ አፍሪካ አይሆንም ያለችው ነገር ማለት ነው። ይድነቃቸውም ይህን ነገር እስከ መቃብር ይዘውት ሄዱ። እ.ኤ.አ. የ1966ቱን የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ በሙሉ ስታድምበት ከግንባር ቀደሞቹ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው አፍሪካ በዓለም ዋንጫ የራሷን ቦታ ያገኘችው። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 እስኪያርፉ ድረስ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ፤ አፓርታይድን አንድ ቀን እንኳ ሳይለማመጡ። ለአፍሪካ እግር ኳስ ቤት ከሠሩት አንዱ የኛ ሰው ነው።

ከዋንጫው በኋላ ያለው ዘመን ቁልቁል ነው፤ በፍጥነት ልለፈው። በ1956 ጋና ላይ አራተኛ። በ1960 እንደገና አስተናጋጅ ሆነን፣ አዲስ አበባና አሥመራ፣ በግማሽ ፍጻሜው በኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸንፈን አራተኛ። በ1962 ሱዳን ላይ የአይቮሪኮስቱ ሎራን ፖኩ ብቻውን አምስት ጎል አግብቶብን 6 ለ 1። በ1968 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ አስተናግደን ከምድብ ሳናልፍ ሞሮኮ ዋንጫውን ከደጃችን ይዛ ሄደች። በ1974 ሊቢያ ላይ ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ጎል። ከዚያ ዝምታ።

ሉቻኖ ቫሳሎ በደርግ ዘመን ወደ ጣሊያን ተሰደደ፤ ያረፈውም በ2015 መስከረም እዚያው ነው። ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ የተቀበለው ሰው ስደተኛ ሆኖ ማርጀቱን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል። እሱ ብቻም አልነበረም። ለጨዋታ ወጥተው ያልተመለሱ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከተመልካቹም እልፍ ተሰደደ። በ1976 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን የስፖርት ፌዴሬሽን መሠረቱ። በየዓመቱ በበጋ የየከተማው ቡድን አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ የቀድሞ ተጫዋቾች በክብር ይጋበዛሉ፤ ከሜዳው ዳር እንጀራው፣ ካሴቱ፣ መጽሐፉ ይሸጣል። በ2008 ዓ.ም. ተራው የቶሮንቶ ነበር። ያን ሳምንት ለ20 ዓመት ያልተያዩ የሰፈር ልጆች ሜዳ ዳር አንገት ለአንገት ተናንቀው ሲላቀሱ አይቻለሁ፤ ኳሱ ከኋላቸው እየሄደ፣ ማን እንዳገባ ሳያውቁ።

በአገር ቤት ደስታ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር ማለት ግን አይደለም። ይድነቃቸው ባረፉ በአራት ወር፣ ታኅሣሥ 1980 ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍፁም ቅጣት ምት አሸንፈን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በላን። የዚያን ዘመን ልጅ የስፖርት ጋዜጠኛውን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ዛሬም በጆሮው ይሰማዋል። በ1994፣ በ1997ና በ1998ም ያው ዋንጫ ተደገመ። በ1993 የወጣቶቹ ቡድን አርጀንቲና ላይ በዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ተሰለፈ። ሴቶቹ፣ ሉሲዎቹ፣ በ1997 መባቻ በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ወጡ፤ ስለነሱ የሚወራው ከሚገባቸው እጅግ ያነሰ ነው። በ2000 ማብቂያ ግን በፌዴሬሽኑ የአመራር ውዝግብ ምክንያት ፊፋ አገራችንን አገደ፤ ከእ.ኤ.አ. 2010ሩ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ተሰረዝን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የተጫዋች አልነበረም። ልጆቹ በሜዳ ያልተሸነፉትን በቢሮ ተሸነፉ።

አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ያን ቡድን ነው ያነሱት። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው መጡ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፤ 2 ለ 0። በደርሶ መልስ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጭ ባገባነው ሦስት ጎል አለፍን። ቦታውም ደቡብ አፍሪካ ሆነ። በ1949 ከዋንጫው ውጭ የሆነችው አገር አሁን ከአፓርታይድ ነጻ ወጥታ አስተናጋጅ ሆናለች፤ እኛ ከ31 ዓመት በኋላ በሯን አንኳኳን።

እና ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ኔልስፕሩት ስታዲየም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሷል፤ ደቡብ አፍሪካ ያሉት ስደተኞቻችን ሱቃቸውን ዘግተው መጥተዋል። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት አገኘ፤ የዛምቢያው በረኛ ምዌኔ አዳነበት። ምግብ ቤቱ ውስጥ አንዲት እናት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ትንሽ ቆይቶ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። በአስር ሰው ቀረን። ከእረፍት በፊት ምቤሱማ አገባብን። ዛምቢያ ያኔ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ ይህ ሁሉ ሲደመር ማለቁ ነበር። 65ኛው ደቂቃ ላይ አዳነ ግርማ ሲያገባ ግን ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስኒ በሙሉ ወደቀ። የማላውቀው ሰው አቀፈኝ፣ እኔም የማላውቀውን አቀፍኩ። 1 ለ 1 አለቀ። በቀሪዎቹ ጨዋታዎች ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸንፈውን ተመለስን፤ ያን ጠዋት ግን ማንም አይወስደውም።

በዚያው ዓመት ለዓለም ዋንጫ የነበረው ጉዞም እንዲሁ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍን። በካርድ የታገደ ተጫዋች ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ አሁንም ቢሮ። ልጆቹ በጳጉሜን ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ረትተው ምድቡን መሪ ሆነው ጨረሱ። ወደ ብራዚል ለመሄድ ናይጄሪያ ብቻ ቀረች። ጥቅምት 2006 አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መርተን 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። ለዓለም ዋንጫ ያን ያህል ቀርበን አናውቅም።

በ2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ካሜሩን ላይ በአፍሪካ ዋንጫ እንደገና ተሰለፍን። በአስተናጋጇ ላይ መጀመሪያ ያገባነው እኛ ነበርን፣ በዳዋ ሆቴሳ፤ መጨረሻው 4 ለ 1 ቢሆንም። በዚያው ዓመት ግን የከፋ ነገር መጣ። ኮንፌዴሬሽኑ ስታዲየሞቻችን መመዘኛ አያሟሉም ብሎ አገደ። መልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ወንበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። አፍሪካን ሦስት ጊዜ በደጇ ያስተናገደች አገር የራሷን ሜዳ አጣች። ጋናን "በሜዳችን" የተቀበልነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በመጋቢት 2017 በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጅቡቲን 6 ለ 1 አሸነፍን፤ ያገባነው ጎል ከመጀመሪያው ጨዋታችን ይበልጣል። የተጫወትነው ግን ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ በባቡር የሚኬድባቸው ሁለት ጎረቤታሞች አህጉር አቋርጠው ተገናኙ። ከዚያው ምድብ ወደ እ.ኤ.አ. 2026ቱ የዓለም ዋንጫ ያለፈችው ግብፅ ናት። ከዚያ ዋንጫ ስድስት ጨዋታ ለቶሮንቶ ተመድቧል፤ ሜዳው ከዳንፎርዝ ብዙ አይርቅም።

ሽማግሌውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በ2014 ሰኔ ነው፤ ሐሙስ፣ ሰኔ 2። ያው ምግብ ቤት፣ ያው ወንበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ቴሌቪዥኑን በደንብ አያዩም፤ አጠገባቸው የተቀመጠ እዚህ የተወለደ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ ይነግራቸዋል። ዳዋ ሆቴሳ አገባ። ከእረፍት በፊት ሽመልስ በቀለ ደገመ። ግብፅን 2 ለ 0። ሲያልቅ ሁሉም ሲጨፍር እሳቸው ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ፤ እንደ ልማዳቸው እየቆጠሩ።

"ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር?" አሉት ልጁን። "ዛፍ ላይ ሁሉ ሰው ነበር?"

ልጁ አልገባውም። ወደኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ወደ ሌላ አየሁ።

"ሊሎንግዌ ነው ጋሼ" አላቸው በመጨረሻ። "ማላዊ።"