የነፋስ ተርባይንና የባለሙያው ድርሻ

የሰው ልጅ ነፋስን ለሥራው ማዋል የጀመረው ትናንት አይደለም። የሀገራችን ገበሬ በአውድማው ላይ መንሹን ይዞ ነፋስ ሲጠብቅ፣ ነፋሱ ሲነሣም ገለባውን ከፍሬው ሲለይ ኖሯል። ይሁን እንጂ ይህ ጥንታዊ ኃይል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ከጀመረ ገና አንድ መቶ አርባ ዓመት ያህል ነው። ታሪኩ አጭር ቢሆንም ለመሐንዲስ የሚሆን ቁም ነገር አለበት፤ ይኸውም የአንድ አዲስ ንድፍ ዕድል የሚወሰነው በግዝፈቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከእርሱ የተገኘው ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ በመተላለፉ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1941 በአሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ ግራንድፓስ ኖብ በተባለ ተራራ ላይ ፓልመር ፑትናም የነደፈው ባለ ሁለት ክንፍ ተርባይን ተተከለ። ኃይሉ 1.25 ሜጋ ዋት፣ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚያካልሉት ክብ ዲያሜትር 53 ሜትር ያህል ነበር። እስከዚያ ዘመን ይህን የሚያህል አልታየም። በፌብሩዋሪ 1943 ግን ዋናው ኩሽኔታ ተበላሸ፤ ዓለም በጦርነት ላይ ስለ ነበረ ምትኩ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ያህል ቆመ። የክንፉ ደካማ ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ቢሆንም፣ በዕቃ እጥረት ምክንያት ሳይጠናከር ቀረ። ማርች 26 ቀን 1945 ክንፉ ተሰብሮ ወደቀ። ሥራውም በዚያው ተቋረጠ።

ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ተመሳሳይ ዕጣ በጀርመን ደረሰ። በ1983 ሥራ የጀመረው ግሮቪያን 3 ሜጋ ዋት ኃይልና 100 ሜትር ያህል ዲያሜትር ነበረው። ነገር ግን ክንፎቹን በሚያያይዘው እምብርቱ ላይ ስንጥቅ ስለ ታየ ከተወሰኑ መቶ ሰዓቶች በላይ ሳይሠራ በ1988 ፈረሰ።

በዴንማርክ የተያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። መምህር ፖል ላ ኩር በ1891 በአስኮቭ የነፋስ ማመንጫ አቆመ። ነፋስ በማይነፍስበት ጊዜ ብርሃን እንዳይጠፋም በኤሌክትሪኩ ውኃን ከፍሎ ሃይድሮጂን አጠራቀመ። ከመሣሪያው ይልቅ ሥር የሰደደው ግን ለገጠር የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የከፈተው ትምህርት ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ዮሐንስ ዩል ነበር። ዩል በሸመገለ ጊዜ፣ በ1957፣ በጌድሰር 200 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ ባለ ሦስት ክንፍ ተርባይን ሠራ። ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ የክንፎቹ ጫፎች ዞረው እንደ ፍሬን ያገለግሉ ነበር። ይህ ተርባይን ብዙ ጥገና ሳይጠይቅ እስከ 1967 ሠራ። የነዳጅ ቀውስ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜም እንደገና ታድሶ ተጠና፤ አነስተኛ የዴንማርክ ሠሪዎች በዚሁ ንድፍ ተመርተው ከጥቂት ኪሎ ዋት ተነሥተው ደረጃ በደረጃ አደጉ። በ1991 በቪንዴቢ ባሕር ላይ የተተከሉት 11 ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 450 ኪሎ ዋት ነበሩ። ዛሬ 236 ሜትር ዲያሜትርና 15 ሜጋ ዋት ኃይል ያለው ተርባይን ይሠራል። ግሮቪያን በአንድ ዝላይ ሊደርስበት የፈለገው ግዝፈት በእርምጃ ብዛት ታለፈ።

የመጪው ዘመን ጥያቄም ይኸው ነው። በስኮትላንድ ባሕር ላይ ከ2017 ጀምሮ ተንሳፋፊ ተርባይኖች ቆመዋል፤ የላ ኩር ሃይድሮጂንም እንደ አዲስ አሳብ ተመልሶ መጥቷል። ወደ እኛም ስንመለስ፣ በ2013 በመቀሌ አቅራቢያ የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ሲሆን፣ ከ84 ተርባይኖቹ 30ዎቹ ባለ ሁለት ክንፍ፣ የቀሩት ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው። የግድቦቻችን ውኃ በሚቀንስበት የበጋ ወራት ነፋሱ ስለሚበረታ፣ ሁለቱ ኃይሎች ይደጋገፋሉ።

እንግዲህ ከውጭ የሚመጣው ማሽን ምንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ስንጥቁን አይቶ የሚመዘግብ፣ ኩሽኔታውን በጊዜው የሚለውጥ፣ ያየውንም ለተተኪው የሚያስተምር ባለሙያ ከሌለው ዕድሜው አጭር ነው። ላ ኩር ያስተማረው ወጣት ተርባይኑን የሠራው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሆኑን አንዘንጋ። የነገው ንድፍ ዛሬ በምናስተምረው ተማሪ እጅ ነው።