ከተረፈ የሚሰጥ ወንበር

እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2017 እሑድ ጠዋት፣ ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሁለት ታዳጊ ልጃገረዶች ወደ ሚኒያፖሊስ በሚበረው የዩናይትድ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ተከለከሉ። ምክንያቱ የለበሱት ታይት ነበር። ይህን ያየች ሌላ መንገደኛ ትዊተር ላይ ጻፈችው፤ ጥቂት ሰዓታት ሳይሞሉ አሜሪካ ስለ ሴት ልጅ አለባበስ ትከራከር ጀመር። አየር መንገዱም ከፍሎ የሚሄድ መንገደኛ ታይት ቢለብስ የሚጠይቀው የለም፤ እነዚህ ግን በሠራተኛ ነጻ ቲኬት የሚጓዙ ናቸው፣ ለእነሱ የአለባበስ ደንብ አለ ሲል መልስ ሰጠ። መልሱ ቁጣውን አላበረደውም። አብዛኛው ሰው ደንቡ ይቅርና እንዲህ ያለ መንገደኛ መኖሩንም የሰማው የዚያን ቀን ነበር።

የሠራተኛ ነጻ ቲኬት ታሪክ ግን ከአውሮፕላንም ይቀድማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ለፈለጉት ሰው ነጻ መሳፈሪያ ያድሉ ነበር፤ በተለይ ለሕግ አውጪ፣ ለዳኛና ለጋዜጠኛ። ለጽድቅ ብለው እንዳልነበር መገመት አያስቸግርም። ኮንግረስ በ1906 የሄፕበርንን ሕግ አውጥቶ ይህን እጅ መንሻ ሲያግድ ክፍት ከተዋቸው ጥቂት በሮች አንዱ የባቡር ሠራተኛውና የቤተሰቡ ነበር። በ1938 የሲቪል አቪዬሽን ሕግ ሲወጣ ያው ሐሳብ ወደ ሰማይ ወጣ። የቲኬት ዋጋ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ ኩባንያ እንዳሻው ቅናሽ ማድረግ ተከልክሎ ሳለ፣ ለዳይሬክተሮች፣ ለኃላፊዎች፣ ለሠራተኞችና ለቅርብ ቤተሰቦቻቸው ግን በነጻ ወይም በርካሽ መስጠት ተፈቀደ። አንዱ አየር መንገድ የሌላውን ሠራተኛ ማሳፈርም እንዲሁ።

የቅርብ ቤተሰብ የሚለው ነገር ለሆስተሶች የተለየ ጣጣ ነበረው። የመጀመሪያዋ ሆስተስ ኤለን ቸርች ከኦክላንድ ወደ ቺካጎ የበረረችው ሜይ 15 ቀን 1930 ነው። ቀጣሪዋ ቦይንግ ኤር ትራንስፖርት እሷንና ሰባት ባልደረቦቿን በወር 125 ዶላር ሲቀጥር ነርስ እንዲሆኑ ብቻ ሳይሆን ያላገቡ እንዲሆኑም ጠየቀ። አብዛኞቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ይህን ቅድመ ሁኔታ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ አልለቀቁትም፤ ያገባች ሆስተስ ከሥራ ትወጣለች። እንግዲህ ፓይለቱ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ሽርሽር ሲሄድ፣ ቡና የምታቀርብለት ሆስተስ ባል ያገኘች ዕለት ባሏን የምታሳፍርበትን መብት ከነሥራዋ አጣች ማለት ነው። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነበር።

ሠራተኛው የሚሳፈረው ወንበር ሲተርፍ ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ወንበር ይተርፋል። ዋጋ መቀነስ ስለማይቻል አየር መንገዶቹ የሚፎካከሩት በበረራ ብዛትና በመስተንግዶ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግማሽ ያህሉ ወንበር ብቻ ተይዞ መነሣት ብርቅ አልነበረም። ሱፍና ክራቫቱን፣ ወይም ቀሚስና ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አድርጎ የመጣ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ለመሳፈር ስሙ ይጠራል። ፕሬዚዳንት ካርተር ኦክቶበር 24 ቀን 1978 ዋጋን ነጻ የሚያደርገውን ሕግ ከፈረሙ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ቲኬት ረከሰ፣ መንገደኛ በዛ፣ ኮምፒዩተር የእያንዳንዷን ወንበር ዋጋ በየሰዓቱ ማስላት ያዘ። ባለፉት ዓመታት የአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራዎች በአማካይ ከ80 በመቶ በላይ ሞልተው ይነሣሉ። መብቱ በወረቀት ላይ አልተነካም፤ የቆመበት ባዶ ወንበር ግን አለቀ።

ሠራተኛው ወንበር አስቀድሞ ይዞ ለምን አይሄድም? ንፍገት ብቻ ይመስል ይሆናል፤ ከጀርባው ግን ግብር አለ። ኮንግረስ በ1984 ሠራተኛ ከደመወዙ ውጭ በሚያገኘው ጥቅም ላይ ሕግ ሲያወጣ እንዲህ አለ፦ ኩባንያው ለገበያ የሚያቀርበውን አገልግሎት ያለ ጉልህ ተጨማሪ ወጪና ገቢም ሳይቀርበት ለሠራተኛው ቢሰጥ፣ ሠራተኛው ግብር አይከፍልበትም። ለዚህ በሩ ሲዘጋ ባዶ ከቀረ ወንበር የተሻለ ምሳሌ የለም፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ለማንም አይሸጥምና። ለሠራተኛ አስቀድሞ የተያዘ ወንበር ግን ሊሸጥ ይችል የነበረ ወንበር ነው፤ የግብር ደንቡ ይህን በግልጽ ከነጻነቱ ያወጣዋል። ስለዚህ ሆስተሷ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው አለቃዋ ስላዘዛት ብቻ አይደለም፤ መጠበቋ ራሱ ነው ጉዞዋን ከግብር ነጻ የሚያደርገው። በዚሁ የሕግ ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዲት ደስ የምትል አንቀጽ አለች። ለሌላው ሁሉ ቤተሰብ ማለት የትዳር ጓደኛና ጥገኛ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ በአየር ጉዞ ብቻ የሠራተኛው እናትና አባትም ይቆጠራሉ። ማን ተሟግቶ እንዳስገባት ባላውቅም፣ እናት ያለው ሰው መሆን አለበት።

ሥነ ሥርዓቱ የበቀለው ከዚህ መጠበቅ ነው። ከፊሉ በመመሪያ የተጻፈ፣ ከፊሉ አዲሷ ሆስተስ ከነባሯ የምትማረው ነው። በሩ ላይ ያለችውን ሠራተኛ ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ ስምህ ከተዘረዘረ ዝርዝሩን ታያለች። ከከፈለው ሰው ፊት ስለ ነጻ ቲኬት አይወራም፤ ስምንት መቶ ዶላር ያወጣ መንገደኛ ጎረቤቱ በነጻ መቀመጡን መስማት አያስፈልገውም። የመካከሉን ወንበር ያገኘ ያመሰግናል፤ ይቀየርልኝ አይልም። ዕቃ ቀላል ይሁን። ምግብ ካነሰ የሚቀርበት እሱ ነው። ሲገቡ ለተረኞቹ ሆስተሶች ራስን ማስተዋወቅ ወግ ነው፤ ቸኮሌት ይዞ መግባት ደግሞ በጣም የተወደደ ወግ። ከሁሉ የሚከብደው፣ ተቀምጠህ ቀበቶህን ካሰርክ በኋላ እንኳ ከፋይ ሲመጣ ተነሥ ልትባል መቻልህ ነው፤ ያኔ ፊትን ሳያጠቁሩ መውረድ ነው። ወዳጅን በቅናሽ የሚያሳፍረው ቡዲ ፓስ የባሰ ነው። ወዳጅየው ሰክሮ ቢጨቃጨቅ የሚጠየቀው የሰጠው ሠራተኛ ነው፤ ቲኬቱን የሸጠው ደግሞ ከሥራ ሊባረር ይችላል።

የዴንቨሮቹን ልጆች ጉዳይ ከዚህ አንጻር ሲያዩት ኩባንያው የራሱን ደንብ ከመከተል ሌላ ያደረገው የለም። ቢሆንም ደሞዝ የማይከፈላትን ታዳጊ በነጻ ስለተጓዘች ብቻ የኩባንያው መልክተኛ አድርጎ መቁጠር እኔን አይዋጥልኝም።

ወንበር ከሚጠባበቁት ሠራተኞች ማን ይቅደም የሚለውም አንድ መልስ የለውም። ዴልታና ዩናይትድ ለአገልግሎት ዘመን ቅድሚያ ይሰጣሉ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራች ትናንት የተቀጠረችውን ትቀድማለች። አሜሪካን ኤርላይንስ ለጉዞው ቀድሞ ቼክ ኢን ያደረገውን ያስቀድማል። በ2013 ከዩኤስ ኤርዌይስ ጋር ሲዋሐዱ ይህ ብቻውን የሠራተኛ ጭቅጭቅ ሆኖ ነበር፤ በዚያኛው ቤት የሚሠራው በአገልግሎት ዘመን ነበርና።

ከዴንቨሩ ነገር በኋላ ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2017፣ ዩናይትድ እንደገና የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ከቺካጎ ወደ ሉዊቪል ሊነሣ በነበረ አውሮፕላን መንገደኞች ከተቀመጡ በኋላ አራት የበረራ ሠራተኞች መጡ። 800 ዶላር ይሰጣችሁ ቢባልም በፈቃዱ የሚወርድ ሲጠፋ አራት ሰዎች ተመረጡ፤ አልወርድም ያሉትን የ69 ዓመት ሐኪም ጥበቃዎች በመተላለፊያው ላይ ጎትተው አወጡ። አፍንጫቸው ተሰበረ፣ ሁለት ጥርስ ወለቀ። ያኔ ብዙዎች በነጻ የሚሄድ ሠራተኛ ከፋዩን አስወጣ ብለው ጻፉ፤ ስሕተት ነው። አራቱ ሉዊቪል ላይ በረራ የሚጠብቃቸው፣ በሥራ ላይ ያሉ ነበሩ። በትእዛዝ የሚጓዝ ሠራተኛ ከከፋዩም ይቀድማል፤ በዕረፍቱ ቀን የሚጓዘው ያው ሰው ከሁሉም ኋላ ነው። ዩናይትድ በዚያው ወር ደንቡን ለወጠ፦ በትእዛዝ የሚጓዙ ሠራተኞች ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት ወንበራቸው እንዲያዝ፣ ወንበሩን በፈቃዱ ለሚለቅ እስከ 10,000 ዶላር እንዲከፈል።

ዛሬ መብቱን አብዝቶ የሚጠቀምበት ሽርሽር ሂያጅ ብቻ አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ሆስተሶች የሚኖሩት ከተመደቡበት ከተማ ርቀው ነው፤ ሥራ የሚገቡትም በስታንድባይ፣ ማለትም ወንበር ከተረፈ ብቻ በመሳፈር ነው። ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ኪው ጋርደንስ የሚባለው ሰፈር ለኬኔዲና ለላጋርዲያ ስለሚቀርብ በበረራ ሠራተኛ ተሞልቶ ክሩ ጋርደንስ የሚል ቅጽል ወጥቶለታል፤ ብዙ ሆነው በሚከራዩት አፓርታማ ውስጥ ተደራራቢ አልጋ ላይ ያድራሉ። ሰኞ ጠዋት ለሚነሣ በረራ እሑድ ማታ የሚመጡት፣ ሰኞ ወንበር ላይገኝ ስለሚችል ነው። በርካታ የሠራተኛ ማኅበር ስምምነቶች ሁለት በረራ ሞክራ ወንበር ያጣች ሆስተስ በመቅረቷ እንዳትቀጣ ይከላከሉላታል። ያመለጣት በረራ ክፍያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቀርባታል።