የታመመ ጉልበትና የሰው ጉልበት፤ ከአራዳ ወጌሻ እስከ አበበ ቢቂላ

በአማርኛ «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው፤ ሁለተኛው የሰውነት ኃይል ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ መጋጠሚያው የታመመበት ሰው ብዙ ጊዜ ኃይሉንም ያጣልና። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። ጉልበቱን በቀዶ ጥገና የታከመ ሰው፣ መጋጠሚያው እስኪድን ድረስ የልቡንና የሳንባውን ኃይል ጠብቆ ሊቆይ ይችላልን? መልሱን በከተማችን ታሪክ ውስጥ እንፈልጋለን።

ነገሩን ከአራዳ መጀመር ተገቢ ነው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ዋና ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ወደ መርካቶ የተዛወረው በወረራው ዘመን ነው። አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ስለ ሆነ፣ አህያ የሚነዳ ነጋዴ፣ በበቅሎ የሚሄድ መኰንን፣ በጃን ሜዳ ጉግስ የሚጫወት ፈረሰኛ ሁሉ የመውደቅ ዕጣ ነበረበት። የተጎዳው ሰው የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ነበር። ወጌሻ በጣቱ ዳብሶ የወለቀውን ይመልሳል፤ በቅቤ ያሻል፤ የተሰበረውን በቀርከሃ ወይም በእንጨት ደግፎ በጨርቅ ያስራል። የጥበቡ ጉድለትም የታወቀ ነው፤ ማሰሪያው ከጠበቀ የደም ዝውውር ይቋረጥና ነገሩ እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል።

የወጌሻ ስም ግን ከዘመናዊው ስፖርት ጋራ ሲሻገር አዲስ ትርጉም አገኘ። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ጨምሮ፣ የእግር ኳስ ቡድኖቻችን ተጫዋች ሲጎዳ ወደ ሜዳ ሮጦ የሚገባውን ባለ ሙያ «ወጌሻ» ይሉታል። የቀድሞው ወጌሻ ዋና ሥራ ማሰር ነበር፤ የቡድኑ ወጌሻ ግን የታሰረውን ፈትቶ ተጫዋቹን ወደ ሩጫ መመለስ አለበት።

በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን አከሙ። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም በ1900ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። የዘመኑ ሕክምና ቀዶ ጥገናን አመጣ፤ ከእርሱም ጋራ በዓለም ሁሉ ልማድ የነበረውን ረጅም የአልጋ ዕረፍት አመጣ። ይህ ዕረፍት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በግልጽ የታየው በ1958 ዓ.ም. በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ነው። ስዊድናዊው ቤንግት ሳልቲንና ባልደረቦቹ 5 ጤነኛ ወጣቶችን ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ አስተኝተው መረመሩ። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ ችሎታው ከሩብ በላይ ቀነሰ። እነዚያው ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደ ገና ሲመረመሩ፣ የ3 ሳምንቱ መኝታ ያደረሰው ጉዳት 30 ዓመት ዕድሜ ካደረሰው በልጦ ተገኘ።

ከዚህ ጥናት ቀደም ብሎ የእኛው ሰው ነገሩን በሰውነታቸው አሳይተውት ነበር። ሻምበል አበበ ቢቂላ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ብዙ ሳይቆዩም በሌሊት በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሶምሶማ ይሮጡ ጀመር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽመው፣ ሁለተኛውን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀድመው አሸነፉ።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ያሳስት ነበር። የተቆረጠው ሆድ እንጂ እግር አልነበረምና። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሻምበል አበበ በተጎዳ እግር ሮጠው የመንገዱን ግማሽ ሳይደርሱ አቋረጡ፤ ድሉም የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት በመጋቢት የመኪና አደጋ ደረሰባቸውና እግራቸው ሽባ ሆነ። ሆኖም በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ከታከሙ በኋላ፣ በ1962 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ በተደረገው ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተካፈሉ። የመጀመሪያው ታሪክ ዕረፍት ሊበዛ እንደማይገባ፣ ሁለተኛው የተጎዳ እግር በግድ እንደማይታዘዝ፣ ሦስተኛው ደግሞ እግር ባይሠራ ክንድ እንደሚሠራ ያስተምራሉ።

ይህንኑ ወደ ጉልበት ቀዶ ጥገና እንመልሰው። በ1954 ዓ.ም. ጃፓናዊው ሐኪም ማሳኪ ዋታናቤ የተቀደደውን የጉልበት ለስላሳ ዐጥንት በትንሽ ቀዳዳ መሣሪያ አስገብተው እያዩ ቆረጡት፤ ከዚያ ወዲህ ቁስሉ አነሰ፤ መነሻውም ቀረበ። ቢሆንም ቀዶ ጥገና ሁሉ አንድ አይደለም። ለስላሳው ዐጥንት ብቻ የተከረከመለት ሰው በሳምንታት ውስጥ ሊሻለው ይችላል፤ ጅማት የተተካለት ግን ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስ 9 ወርና ከዚያም በላይ ይጠብቃል። ስለዚህ ጊዜውን የሚወስነው ያከመው ሐኪም ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይታወቃል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና የጭን ጡንቻን ማጥበቅ፤ ተቀምጦ ክንድን በፍጥነት በማሠራት ልብን ማትጋት፤ ጉልበቱ በበቂ ሲታጠፍ የቆመ ብስክሌት መርገጥ፤ ቁስሉ ፈጽሞ ሲደርቅ ዋና፤ ቀጥሎ በሜዳ ላይ መራመድ፤ ሩጫ የመጨረሻው ነው።

ለአራዳ ነዋሪ ይህ የቦታ ምርጫ ጭምር ነው። ቁልቁለት ከደልዳላ መንገድ ይልቅ ጉልበትን ስለሚጫን፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ከመውረድ በፊት የጃን ሜዳን ደልዳላ ሣር መዞር ይሻላል። በማግሥቱ ጉልበቱ ካበጠ ትናንት የተሠራው በዝቷል ማለት ነው። ባት ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ በድንገት ካጠረ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ቋንቋችን በአንድ ስም ያሰራቸውን ሁለቱን ጉልበቶች ሕክምናው ለይቶ ሊያያቸው ይገባል። አንደኛው ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ሥራ ይፈልጋል። የሚያስታምም ቤተ ሰብም «ተኛ፣ አትነሣ» ከማለቱ በፊት የትኛው እንዲያርፍ እንደታዘዘ ቢጠይቅ መልካም ነው።