ደሙ ለምን አይቆምም?
በአንጎል ሽፋን ሥር የሚጠራቀም ደምና ከ160 ዓመታት በላይ የዘለቀ ክርክር

አንድ አዛውንት ወድቀው ራሳቸውን በመጠኑ ይመታሉ። ጉዳቱ ከተረሳ ከሳምንታት በኋላ እግራቸው መጎተት፣ ንግግራቸው መደናቀፍ፣ ማስተዋላቸውም መድከም ይጀምራል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል። አንዳንድ ጊዜ ግን ምክንያቱ ዱራ በተባለው ጠንካራ የአንጎል ሽፋን ሥር ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ደም ነው። በጊዜው ከተደረሰበት የራስ ቅል ተበስቶ ይቀዳል፤ አብዛኞቹ በሽተኞችም ያገግማሉ። ይሁንና በከፊሎቹ ላይ ደሙ እንደገና ይሞላል።

እ.ኤ.አ. በ1857 ጀርመናዊው የሥነ ደዌ ሊቅ ሩዶልፍ ቪርኾ ደሙን የሚከበውን፣ በደም ሥሮች የተሞላውን ስስ ሽፋን መርምሮ የነገሩ ምንጭ ብግነት ነው አለ። ይኸውም ዱራው አስቀድሞ ይቆጣል፤ አዳዲስ ደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ እነርሱም ይደማሉ። በ1914 የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ዊልፍሬድ ትሮተር ይህን ተቃወመ። በእርሱ አስተያየት መነሻው ከአንጎል ወደ ዱራ የሚሻገሩ ደም መላሾች በአደጋ መበጠሳቸው ነው። ውሎ አድሮ የትሮተር ሐሳብ አሸነፈ፤ የቪርኾም ብግነት ወደ ጎን ተተወ።

ሆኖም የደም ሥር መበጠስ፣ ጥቂት ደም ለሳምንታት የሚያድግበትን ምክንያት አይገልጽም። አሜሪካዊው ጄምስ ጋርድነር በ1932 መልስ አቀረበ፦ ደሙ ሲበሰብስ ፈሳሹ ይወፍራል፤ በኦስሞሲስም ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። ለመሐንዲስ ጆሮ የሚጥመው ይህ ሐሳብ በመለኪያ ፊት አልጸናም። ካናዳዊው ብራይስ ዊር በ1971 ፈሳሹን ለክቶ የኦስሞሲስ ኀይሉ ከደም ኀይል እንደማይበልጥ አሳየ። በ1976 ደግሞ ጃፓናዊው ኢቶና ባልደረቦቹ በፈሳሹ ውስጥ የደም መርጋትን የሚያፈርስ ኀይል ከመጠን በላይ መኖሩን ገለጹ።

የቀረው ጥያቄ ደካሞቹን ደም ሥሮች የሚያበቅላቸው ምንድን ነው የሚለው ነበር። በ1983 ደም ሥርን የሚያሳልፍ፣ ማለትም ፈሳሽ እንዲያፈስ የሚያደርግ ፕሮቲን ተገኘ፤ በ1989 ይኸው ፕሮቲን የደም ሥር ዕድገት አነሣሽ መሆኑ ታወቀ። ከ2000 ገደማ ወዲህ የተደረጉ ምርመራዎች በተጠራቀመው ደም ውስጥ መጠኑ በበሽተኛው የደም ዝውውር ካለው እጅግ እንደሚበልጥ አመለከቱ። ኢንተርሊውኪን 6ና 8 የተባሉት የብግነት መልእክተኞችም በብዛት ተገኙ። ነገሩ የሚያፈስ ቧንቧ እንዲጠግን የተላከ ሠራተኛ ራሱ የሚያፈስ ቧንቧ እንደ መዘርጋቱ ነው፤ የፈሰሰው ደም ብግነትን ይጠራል፣ ብግነቱ ደም ሥር ያበቅላል፣ ደም ሥሩም ይደማል።

እንግዲያው ብግነቱን ማፈን ይበቃል? በብሪታንያ 748 በሽተኞች የተሳተፉበትና በ2020 የታተመው የዴክሳሜታዞን ጥናት ይህን ተስፋ ገታ። በመድኀኒቱ ዳግም ቀዶ ሕክምና ከ7.1 ወደ 1.7 በመቶ ቢወርድም፣ ከስድስት ወር በኋላ በመልካም ሁኔታ የተገኙት 83.9 በመቶ ሲሆኑ መድኀኒቱን ካልወሰዱት 90.3 በመቶ ነበሩ። በአንጻሩ በ2024 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ለአዲሱ ሽፋን ደም የሚያቀብለውን የዱራ ደም ቅዳ ከቀዶ ሕክምና ጋር መድፈን የዳግም ቀዶ ሕክምናን ፍላጎት ከ11.3 ወደ 4.1 በመቶ አወረደው።

ስለዚህ ትሮተር የመነሻውን፣ ቪርኾ ደግሞ የማቆያውን ምክንያት ይዘው ነበር። ክርክሩን ያራዘመው ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠር ነው። ጉዳትን የጀመረው ነገር ካለፈ በኋላ፣ ጉዳቱን የሚያቆየው ዑደት ለብቻው ሊፈለግና ሊቆረጥ ይገባል፤ በየትኛው ቦታ እንደሚቆረጥም የሚወስነው ሐሳቡ ማማሩ ሳይሆን የበሽተኛው መዳን ነው።