የዋልያስ ባንድ አልበሞች

ዋልያስ ባንድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የተቋቋመ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ቡድን ነው። ስያሜውን ያገኘው በሰሜን ተራሮች ከሚኖረው ብርቅዬ እንስሳ ከዋልያ ነው። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለአሥር ዓመት ገደማ ተጫውቷል፤ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ የሙዚቃ ዝግጅቶችን አቅርቧል። በእነዚህ ዓመታት ለብዙ ድምፃውያን ያጀባቸው ሥራዎች በርካታ ሲሆኑ፣ በራሱ ስም ያሳተማቸው አልበሞች ግን ጥቂት ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ እነዚህን ጥቂት አልበሞችና የባንዱ አባላት ከዚያ በኋላ ያወጧቸውን ሥራዎች ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባንዱ አመሠራረት

ከዋልያስ በፊት በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች የሚሠሩ ባንዶች አብዛኛውን ጊዜ የክበቡ ባንድ ነበሩ። ጊታሩን፣ ኦርጋኑን፣ ድራሙንና የድምፅ ማጉያውን ገዝቶ የሚያቀርበው የክበቡ ባለቤት ነው። ተጫዋቾቹ ከባለቤቱ ጋር ካልተስማሙ መሣሪያውን ትተው ይወጣሉ፤ ባንዱም በዚያው ይፈርሳል። የዋልያስ አባላት ቬነስ በተባለው ክበብ አብረው ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ የራሳቸውን መሣሪያ በራሳቸው ገንዘብ ገዙ። ከሂልተን ጋር ውል የገቡትም እንደ ተቀጣሪ ግለሰቦች ሳይሆን እንደ አንድ ቡድን ነው። በኋላ በራሳቸው ስም አልበም ለማውጣት የበቁት በዚህ ነፃነት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የራሱ መሣሪያ የሌለው ባንድ በትርፍ ሰዓቱ ልቅጃ ቢል እንኳ የሚቀዳበት ነገር የለውም።

የባንዱ ዋነኛ አባላት ኃይሉ መርጊያ (ኦርጋን)፣ ግርማ በየነ (ፒያኖ፣ ዜማና ቅንብር)፣ ሞገስ ሀብቴ (ሳክስፎን)፣ ዮሐንስ ተኮላ (ትራምፔት)፣ ማሕሙድ አማን (ጊታር)፣ መላኬ ገብሬ (ቤዝ ጊታር) እና ተማረ ሐረጉ (ድራም) ነበሩ። ኃይሉ መርጊያ በ1946 በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ። አኮርዲዮን መጫወት የተማረው በራሱ ጥረት ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የጦር ሠራዊቱን የሙዚቃ ክፍል ተቀላቀለ፤ ከዚያ ከወጣ በኋላ በምሽት ክበቦች ይጫወት ነበር። ግርማ በየነ በበኩሉ ከዋልያስ በፊትም በ1960ዎቹ መጨረሻ ለታዩት ሸክላዎች ብዙ ቅንብር የሠራ ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ አድማጩ ይበልጥ የሚያውቀው የዘፋኞቹን ስም ነው።

የአልበሞቹ ቁጥር ያነሰበት ምክንያት

በኢትዮጵያ የሸክላና የካሴት ልማድ አልበም የድምፃዊው ነው። በሽፋኑ ላይ የሚወጣው የድምፃዊው ፎቶግራፍ ነው፤ ባንዱ ቢጠቀስ ከታች በትንሽ ፊደል ነው። አድማጩም ካሴት ሲገዛ የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ እንጂ «ማን ተጫወተው?» ብሎ አይደለም። በዚህ የተነሣ የአንድን ባንድ ሙሉ የሥራ ዝርዝር ማውጣት የሌሎችን ሰዎች ዝርዝር ገልብጦ እንደማንበብ ያለ ሥራ ነው። ይህ የዋልያስ ብቻ ችግር አልነበረም። በ1975 የወጣውና በ1986 በቤልጂግ እንደገና ታትሞ በአውሮፓ የታወቀው «እሬ መላ መላ» የማሕሙድ አሕመድ አልበም ተብሎ ይታወቃል፤ ሙዚቃውን የተጫወተውን አይቤክስ ባንድን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። አይቤክስ የሮሃ ባንድ መነሻ ሲሆን፣ ሮሃም በተራው እጅግ ብዙ የድምፃውያን ካሴቶችን አጅቧል።

ዋልያስ ከዚህ ልማድ የወጣው ድምፃዊ የሌለበት አልበም በማሳተሙ ነው። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሙዚቃ በሂልተን እንግዳ ነገር አልነበረም። ምሽቱ ሲጀምር እንግዶች እራት እየበሉ የሚያዳምጡት ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይቀርባል፤ ሞቅ የሚለው ጭፈራ ቆይቶ ነው። ነገር ግን ከሆቴሉ ውጭ ያለው ሕዝብ ግጥም የሌለውን ሙዚቃ ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል ወይ የሚለው ጥያቄ ነበር። ባንዱ የመረጠው መንገድ ሕዝቡ ግጥሙን በቃሉ የሚያውቀውን ዜማ ወስዶ የዘፋኙን ቦታ ለኦርጋኑ መስጠት ነው። አድማጩ ቃሉን በልቡ እየሞላ ይሰማል።

ትዝታ (1975)

ከባንዱ አልበሞች ቀዳሚው በ1975 በካሴት የወጣው «ትዝታ» ነው። የተቀዳው እዚያው ሂልተን፣ ክበቡ ባዶ በሚሆንባቸው የቀን ሰዓታት ነበር። ይህም በድምፁ ይታወቃል፤ ሁሉም አባላት በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ የተጫወቱት እንጂ እየተነጣጠለ የተቀዳ አይመስልም። አብዛኞቹ ዜማዎች በወቅቱ የታወቁ ዘፈኖችና የቆዩ የሕዝብ ዜማዎች ናቸው። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ ሲሆን፣ የዘፈንም የስሜትም ስም ነው። ዘፋኙ በእንጉርጉሮ የሚያስረዝመውን ኃይሉ በኦርጋኑ ይይዘዋል፤ ቤዝና ድራሙ ከሥር በቀስታ ይራመዳሉ።

አልበሙ የወጣበት ጊዜ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ንግድ እየተዳከመ የነበረበት ነው። ከ1969 ጀምሮ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን ያሳተመው ዐምሃ እሸቴ በዚያው በ1975 አገር ጥሎ ወጥቷል። የደርግ መንግሥት የሰዓት እላፊ አዋጅ ምሽቱን ዘግቶታል። በሂልተን ግን አንድ ለየት ያለ ነገር ሆነ፦ ከሰዓት እላፊው በፊት የገባ እንግዳ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስከ ንጋት ይጫወት ነበር። ይህን ኃይሉ ራሱ በኋላ ዘመን በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ተናግሮታል። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ግዴታ ሲሆን አንድን ዜማ ማስረዘም፣ መለወጥና ደጋግሞ መፈተሽ ልማድ ይሆናል። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው አልበም የሚሰማው መፍታታት ከዚህ የመጣ ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይመስልም።

ቼ በለው (1977)

የባንዱ ዋና ሥራ ተደርጎ የሚቆጠረው «ቼ በለው» ነው። በሸክላ ያሳተመው «አሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋ ያቋቋመው ካይፋ ሬከርድስ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። የሸክላ ሕትመት ሊያበቃ ሲል የወጣ በመሆኑ ቅጂው ብዙ አልነበረም፤ ዛሬ ዋናውን ቅጂ ሰብሳቢዎች በከፍተኛ ዋጋ ይፈላለጉታል።

«ቼ» ፈረስ ወይም በቅሎ የሚጋልብ ሰው እንስሳውን ለማፍጠን የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ የመጠሪያው ዜማም በዚያው ፍጥነት ይሄዳል። ከሌሎቹ መካከል «ሎሚ ተራ ተራ»፣ «ወገኔ»፣ «ብርቱካኔ» እና «እባክሽ ታረቂኝ» ይገኛሉ። ከ«ትዝታ» ጋር ሲነጻጸር ቤዝና ድራሙ ከበድ ብለው ወደ ፊት ወጥተዋል፤ የነፋስ መሣሪያዎቹም ዜማውን ከማጀብ አልፈው ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ። በዚያ ዘመን ከአሜሪካ ይመጣ ከነበረው የፈንክና የሶል ሸክላ የተወሰደ ብዙ ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። ቅኝቱ ግን ያው የአገር ቤቱ አምስት ድምፅ ነው።

ከአልበሙ ሁሉ በላይ ዕድሜ ያገኘው «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው። አጭርና የማይረሳ የነፋስ መሣሪያዎች ሐረግ እየተመላለሰ ይሰማል፣ ከሥሩ ጊታርና ቤዝ ያልተቋረጠ ምት ይይዛሉ። በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በሚወጣው «ኢትዮጲክስ» ተከታታይ አልበም በ13ኛው ቅጽ ገብቶ ዓለም ሰማው። ከዚያ በፊትም በ1998 ዳክታሪስ የተባለ የኒው ዮርክ ባንድ በራሱ መንገድ ተጫውቶት ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በአልበሙ መጠሪያ የሚነበበው የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ስም መሆኑ ነው። ድምፃዊውን ከሽፋን ያወረደው አልበም እንኳ የዜማ ደራሲውን ስም ወደ ፊት አላመጣውም።

በዝርዝሮች ላይ የሚታይ አንድ አለመስማማትም አለ። የካሴትና የሸክላ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ወሩ ካልታወቀ ወደ አውሮፓውያኑ ሲለወጥ የአንድ ዓመት ልዩነት ይፈጠራል፤ ለምሳሌ 1977 ከመስከረም በፊት ከሆነ 1969 ዓ.ም. ነው፣ ከመስከረም በኋላ ከሆነ ደግሞ 1970 ዓ.ም.። ስለዚህ አንድ አልበም በሁለት ዓመት ተመዝግቦ ቢገኝ ሁለት ዕትም ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ይህን ማየት ይጠቅማል።

ወደ ሐረር ጉዞ (1978)

ይህ አልበም አብዛኛውን ጊዜ ከዋልያስ ሥራዎች ጋር ይደባለቃል፤ የዋልያስ ግን አይደለም። ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በ1978 ያወጣው ካሴት ነው። ዳህላክ የግዮን ሆቴል ባንድ ሲሆን፣ አልበሙም የተቀዳው በዚያው ሆቴል ነው። ኦርጋኑ የኃይሉ መሆኑ ወዲያው ይለያል፤ ከኋላው ያለው ምት ግን ከሂልተኑ ለስላሳ ነው። በ2016 እንደገና ታትሟል።

የአሜሪካ ጉዞና የባንዱ መበተን

በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በአሜሪካ እየተዘዋወረ የተጫወተ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እንደሆነ ይነገራል። «ዘ ቤስት ኦፍ ዋልያስ» የተሰኘው ሸክላ በዚሁ ወቅት እዚያው አሜሪካ ታተመ፤ በባንዱ ስም የወጣው የመጨረሻ አልበምም እሱ ነው። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ፣ ሞገስና መላኬ በዋሽንግተን ዙላ የተባለ ባንድ አቋቁመው በስደት ላሉ ኢትዮጵያውያን ይጫወቱ ነበር። ግርማ በየነ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ቆየ።

ከባንዱ በኋላ የመጡ አልበሞች

ኃይሉ መርጊያ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ብቻውን ሠራ። አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን በማፈራረቅ የአንድ ባንድን ሥራ አንድ ሰው ሲወጣው የሚሰማበት ካሴት ነው። በልጅነቱ የለመደው አኮርዲዮን በዚያ ዘመን ያረጀ መሣሪያ ተብሎ ተትቶ ነበርና፣ ከማሽኑ ምት ጋር መጋባቱ ለብዙ አድማጭ አዲስ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ የታክሲ ሹፌር ሆኖ ለዓመታት ሠራ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው አላወጣም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ እየተለማመደ ይጠብቅ ነበር።

ሸክላው ከአዲስ አበባና ከጥቂት ባለ ማጫወቻ ቤቶች ብዙም ሳይርቅ ሲቀር፣ ካሴት ግን በባትሪ በሚሠራ ቴፕ እየተደመጠ ሐዋሳም ባሕር ዳርም ይደርስ ነበር። ሥራውን ያተረፈውም ይኸው ካሴት ነው። ከአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ የ«ሸሞንሟናዬ»ን ቅጂ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘ፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ስልክ ደወለ። አልበሙ በ2013 እንደገና ታተመ፤ «ቼ በለው» በ2014፣ «ትዝታ» ደግሞ በ2021 ተከተሉ። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቃው ባለቤት ጋር እኩል እንደሚካፈል ይገልጻል። አዲስ አበባ ውስጥ በተባዛ ካሴት አንድም ሳንቲም ለማያገኙ የዚያ ዘመን ተጫዋቾች ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ኃይሉ ከዚህ በኋላ «ላላ በሉ» (2018) እና «የኔ ምርጫ» (2020) የተሰኙ አዳዲስ አልበሞችን አውጥቷል። በ2016 በብሩክሊን በመድረክ ላይ የተቀዳው ሥራውም በ2023 ታትሟል። ግርማ በየነም ወደ ሙዚቃ ተመልሶ፣ አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የ«ኢትዮጲክስ»ን 30ኛ ቅጽ በ2017 አወጣ። በዚህኛው ሽፋን ላይ ስሙ ቀድሞ ተጽፏል።

በአገር ውስጥ ከድምፃዊ ይልቅ በባንድ ስም አልበም የማውጣቱ ነገር ለረጅም ጊዜ ተቀዛቅዞ ቆይቷል። ከኋለኞቹ ሙከራዎች ጎልቶ የሚጠቀሰው ጃኖ ባንድ ነው። የአገር ቤቱን ቅኝት ከከባድ የሮክ ጊታር ጋር ያዋሐደው ይህ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን «ኤርታሌ»ን በ2012 ያወጣው በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት ነው። ሁለተኛው «ለራስህ ነው» በ2018 ተከትሏል። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ድምፃውያን የነበሩት ሲሆን፣ ሁለቱም አልበሞች የወጡት በባንዱ ስም ነው።