የሺህ ፓውንዱ ጣሪያ

ለንደን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ክፍል ስሠራ፣ የብስክሌት ፎርም ይዞ የሚመጣው ሁሉ ሁለት ነገር አምኖ ነበር የሚመጣው፤ ብስክሌቱ ከፈረመበት ቀን ጀምሮ የራሱ እንደሚሆን፣ የግብር ሕጉም ከ1,000 ፓውንድ በላይ እንደሚከለክል። ሁለቱም ልክ አልነበሩም።

ሕጉ የወጣው ጎርደን ብራውን የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ በ1999 ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። አሠሪ ለሠራተኛው ብስክሌትና እንደ ሄልሜት ያለ መከላከያ ቢያውሰው ጥቅሙ ግብር አይነካውም ይላል። ቢያውሰው ነው የሚለው፤ ቢሰጠው አይልም። ብስክሌቱ በአመዛኙ ለሥራ መመላለሻ እንዲውል፣ ዕድሉም ለአለቆች ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው ሁሉ ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። ሠራተኛው ግብር ከመቆረጡ በፊት ከደመወዙ የተወሰነውን ይተውና በምትኩ ብስክሌቱን ይከራያል፤ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር።

ታዲያ 1,000 ፓውንዱ ከየት መጣ? ከ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ዕቃ ማከራየት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ለብስክሌት ሲል ፈቃድ ፍለጋ እንዳይንከራተት፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እስከ 1,000 ፓውንድ ድረስ ለሁሉም አንድ የጋራ ፈቃድ ሰጠ። የግብር ሰዎች በጣሪያው እጃቸው የለበትም። በሰኔ 2019 መንግሥት መመሪያውን አድሶ፣ ፈቃድ ያለው አከራይ ከዚያም በላይ ማከራየት እንደሚችል ግልጽ አደረገ። ውዶቹ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች በዚያ በር ገቡ።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ የኪራዩ ማብቂያ ነው። ድሮ ብስክሌቱ በስም ብቻ ዋጋ ለሠራተኛው ይተላለፍ ነበር። በ2010 ግብር ሰብሳቢው ሠንጠረዥ አወጣ፤ አንድ ዓመት ያገለገለ ብስክሌት ሲገዛ 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከነበረ 25 በመቶ፣ ከዚያ በታች ከሆነ 18 በመቶ ይገመታል። አከራዮቹ ሠንጠረዡን እስከ ታች አነበቡት። በአራተኛው ዓመት ግምቱ ወደ 7 እና 3 በመቶ ይወርዳል። እንግዲያው በትንሽ መያዣ ኪራዩን ሌላ ሦስት ዓመት አራዘሙት። ብልጠት ነው፤ ሕጋዊም ነው።

አንዱን ደንብ ግን ማንም አላለፈውም። የሚተወው ገንዘብ ደመወዙን ከሕጋዊው ዝቅተኛ ክፍያ በታች ማውረድ የለበትም። ደንቡ ሠራተኛን ለመጠበቅ የወጣ ነው፤ ጽዳት ላይ የሚሠሩትን፣ የአገሬን ልጆች ጭምር፣ ከዕድሉ ያስወጣቸው ግን እሱው ነው። ዛሬ ባለው ተመን በ40 በመቶ እርከን ያለ ሰው ከሚተወው 1,000 ፓውንድ 420 ይተርፍለታል፤ በ20 በመቶ እርከን ያለው 280።

አንዲት የሌሊት ፈረቃ ጽዳት ሠራተኛ «እህቴ፣ እስቲ ለእኔም አስቢልኝ» አለችኝ። አሰብንላት። በወር መተው የምትችለው ለብስክሌት ቁልፍ እንኳ አይበቃም ነበር።